ነጋ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ሲጮህ ልቡ ድው የማይል ሐበሻ ካለ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ስልኩን አጥፍቶ የሚተኛ ብልህ ሰው ነው። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ዘመዴ ብዙ ነው፤ ስልኬንም አላጠፋም። ስለዚህ በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ልቤ ድው ትላለች። ወዲያው የእናቴ ድምፅ ከጎባ ይመጣል።

«ደህና ነው! ደህና ነው! ምንም የለም!»

ከሰላምታው በፊት የምትለው ይህንን ነው። «እንዴት አደርክ» የሚለው ኋላ ነው የሚከተለው። ሚስቴ በተጋባን ሰሞን ነገሩ ግራ ይገባት ነበር። «ምንም ከሌለ ለምን ትደውላለች?» አለችኝ አንድ ቀን ትራሱን ጆሮዋ ላይ ደፍታ። «ምንም አለመኖሩን ልትነግረኝ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ዛሬ ለእናንተም ማስረዳት ያማረኝ ይኼንኑ ነው።

ጎባን ለማታውቁ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሳነቴ አምባ ግርጌ የተቀመጠች የባሌ ከተማ ናት። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ ናት፤ በእኔ ልጅነት ግን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ አባቴም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ዳገቱን በመኪና የያዘ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ ያያል። ከዚያ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የሐረና ጫካ ይቀበለዋል። ይህን ሁሉ የማወራው አገር ለማስጎብኘት አይደለም፤ ብርዱን እንድትረዱልኝ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የጎባ ጠዋት ምን እንደሚመስል ያደረበት ያውቀዋል። በእንዲህ ያለው ጠዋት ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት በራሱ ሃይማኖት ይጠይቃል።

እናቴ ግን ትነሣለች። ነጠላዋን ትከናነብና ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች። የዘወትር ጸሎቷን ካደረሰች በኋላ ወደ ውዳሴ ማርያሙ ትሻገራለች። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድርሰቱን ለቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ይሰጣል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጸሎቱን ግን ከዚያ በፊት ከእናቷ አፍ ለቅማ በቃሏ ይዛው ነበር። እኛ ልጆቿ ዕለቱን የምናውቀው በቀን መቁጠሪያ አልነበረም። ከብርድ ልብሳችን ሥር ሆነን የየትኛውን ቀን እንደምታደርስ በመስማት ነበር። ታናሽ እህቴ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀርታ ስትጠየቅ፣ «እማዬ የቅዳሜውን ስትደግም ሰምቻለሁ» ብላ ድርቅ አለች። እናቴም ጥቂት አሰበችና «ጸሎቴን ለቅጥፈት ካዋልሽው እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አብረሽኝ ትቆሚያለሽ» ብላ ፈረደችባት። እህቴ እስከ ዛሬ በምትኖርበት በሰው አገር ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታደርሳለች። ቅጥፈትም አንዳንዴ ፍሬ አለው።

ከጸሎቱ ቀጥሎ ቡና ነው። ከሐረና ጫካ የወረደ ቡና በጎባ ብርድ ላይ ሲቆላ ያለውን ሽታ በቃላት ለመግለጽ አልሞክርም። ዋናው ነገር፣ ጀበናው እሳት ላይ ሲጣድ የእናቴ ዜና ይጀምራል። የሬዲዮኑ ዜና ኋላ ይደርሳል። የእርሷ ዜና ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሩቁ ነው፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ እኛው ምድጃ ዳር ያበቃል።

«ከአሰላ፦ አክስታችሁ ወልዳ ተነሥታለች፤ ልጁ አባቱን ነው የመሰለው፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል። ከጊኒር፦ አያታችሁ እግራቸውን ተሽሏቸዋል፤ መሻሉን ግን ለሰው መናገር አይፈልጉም። ከሰሜን፦ ከአጎታችሁ ወሬ የለም፤ ወሬ አለመኖሩም ወሬ ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሰማ ነበር። ከጓሮ፦ ላሚቷ ዛሬም አኩርፋለች።»

ደብዳቤ በየቀኑ አይመጣም። በፖስታ ሳጥን ቁጥር የሚላክልን ደብዳቤ በወር አንድ ጊዜ ከደረሰን ደግ ነበር። ስለዚህ እናቴ ቀጭን ወጥ ላይ ውኃ ጨምሮ እንደሚያበረክት ሰው፣ አንዱን ደብዳቤ ለሃያ ቀን ታበላን ነበር። አንድ ቀን ሰላምታውን፣ ሌላ ቀን የበሬውን ዋጋ፣ ሌላ ቀን በስተመጨረሻ የተጻፈችውን የልጆቹን ስም ትነግረናለች። ስታነብ በጣቷ እየተከተለች ነው፤ መስመር ላይ አቧራ ካለ እየጠረገች።

ሦስተኛው ክፍል ስንቅ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት። ከቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ አንድ ቃል ሳይሰነቅ አይሄድም። ለአባቴ «ሂድ እንግዲህ፤ ካለ አንተ ማኅተሙን የሚመታው የለም» ትለዋለች። እህቴ ጫማዬ ተቀደደ ብላ ስታለቅስ፣ «ይኼማ መስኮት ነው፤ ቤትስ ቢሆን ያለ መስኮት ይሠራል?» አለቻት። እኔን የሒሳብ ፈተና ያስጨነቀኝ ዕለት ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦

«ቁጥሮቹ ስንት ናቸው?»

«ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አሥር ናቸው።»

«አሥር ብቻ? አንተ ባለፈው ሳምንት ከአምስት ውሻ አምልጠህ መጥተሃል። አሥር ቢሆኑ ደግሞ የማይናከሱ ናቸው።»

ፈተናውን ወደቅሁ። ነገር ግን እየሳቅሁ ነው የሄድኩት፤ ሲመልሱልኝም ቁጥሮቹ በእርግጥ የማይናከሱ መሆናቸው ታየኝ።

የዜናችን ቋሚ ተከታታይ ጎረቤታችን ነበረች። እርሷ ሙስሊም ናት፤ የባሌ ኦሮሞ። የሱብሂ ሶላቷን ሰግዳ፣ ላሟን አልባ፣ ልክ አቦሉ ሲቀዳ ትደርሳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን የሚቀድሙት አንዱ ሌላውን በተራ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ግን የሚገናኙት አንድ ጀበና ላይ ነው። ስትገባ «ነጋ ቡልቴ?» ትላለች። እናቴም «አዎን፣ ነጋ! ተመስገን!» ትላለች። ይህን ዘወትር እሰማለሁ። ጀንበር ወጥታ ሳለ መንጋቱን መጠያየቃቸው ይደንቀኝ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ስሆን የሰፈር ጓደኞቼ አስተማሩኝ። «ነጋ» በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። ጎረቤታችን የምትጠይቀው «በሰላም አደርሽ ወይ?» ብላ ነው፤ እናቴ ደግሞ የምትመልሰው በአማርኛው ነው፣ ሌሊቱ አለፈ ብላ። ትልቅ ስህተት የያዝኩ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት። ለካ እናቴ ኦሮምኛ ከእኔ አስበልጣ ታውቃለች።

«ምኑ ነው ስህተቱ?» አለችኝ። «ሰላም ባይሆን መች ይነጋል?»

ይህ አባባሏ የተፈተነው በ1983 ዓ.ም. ክረምት ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ግንቦት 20 መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩም በመኪናም ወደየቀዬው ይጎርፍ ጀመር። እናቴ ዜናዋን አሻሻለች፤ «ከሰሜን፦ እየመጡ ነው» አለች። በየማለዳው እንዲሁ ትላለች። ለአጎቴም ስኒ ለብቻው ማስቀመጥ ጀመረች።

መርዶ በእኛ አገር የሚነገረው በማለዳ ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለይ፣ የሚደግፈው ክንድ በአቅራቢያው ሳለ፣ ቀኑም ሙሉውን ለልቅሶ ክፍት ሆኖ ሳለ እንዲሰማ ነው። ደግ ሥርዓት ነው። ግን ማለዳን የሚያስፈራ ያደርገዋል። ሐምሌ ውስጥ በአንዱ ዝናባማ ጠዋት፣ እናቴ ገና ጸሎቷን ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። እኔ ነበርኩ የከፈትኩት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭቃው ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፤ ከሴቶቹም መሐል ጎረቤታችን። ማንም እንዴት አደርክ አላለኝም። ያኔ ነው የገባኝ።

የለቅሶውን አላወራም፤ ለቅሶ ሁሉ ይመሳሰላል። የማወራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከምድጃው ራቀች። ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ግን ድምፅ የላትም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዜና ቀረ። ስንቅም ቀረ። ደግሞ በሩ ማለዳ በተንኳኳ ቁጥር ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ የምታንኳኳው ቡና ልታፈላላት የመጣችው ጎረቤታችን ብትሆንም እንኳ። ጎረቤታችን ይህን አየች። ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ግን ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ነጋ! ነጋ!» እያለች መጣች። ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ እኔ ነኝ፣ መርዶ አይደለም ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳትጣራ በራችንን አንኳኩታ አታውቅም። ሥራዋ ሁሉ ይኼ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ እናቴን ግን ከመንቀጥቀጥ አዳነቻት።

የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ከእንቅልፌ ስነቃ ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው፤ የማክሰኞውን። ከዚያ ቡና ተቆላ። ከዚያ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ስንጠብቅ፣ ዜናው ጀመረ። «ከአሰላ፦...» አለች። «ከጊኒር፦...» አለች። ሰሜን ላይ ስትደርስ ቆመች። አባቴ መሬት መሬት ያያል። «አጎታችሁ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከአምላኩ ዘንድ ነው። አሁን እንኳ ያለበትን እናውቃለን። በሕይወቱ ሳለ ቡናው ቀጠነ እያለ ያስቸግረኝ ነበር፤ እዚያ የሚያፈላለት ሰው እግዚአብሔር ትዕግሥት ይስጠው።» ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጡ። ጎረቤታችን እጇን ያዘቻት። ላሚቷ ጓሮ አጉረመረመች። ለካ ከአርባ ቀን በላይ የእርሷንም ዜና አልሰማንም ነበር።

ስለ እምነት የማውቀውን ጥቂት ነገር የተማርኩት ያን ዕለት ይመስለኛል። እናቴ በየማለዳው የምትጸልየው ክፉ ነገር ከደጃፍዋ እንዳይደርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሐምሌ ጸሎቷን በከንቱ ያስቀረው ነበር። እርሷ ግን ጸሎቷን በመንገዱ ላይ እንዳለ አጥር አልቆጠረችውም። ሌሊቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለነጋበት ሰው መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ እውነቱ፣ ከዚያ ለመንገዱ የሚሆን ሳቅ ያስፈልገዋል ብላ ታምናለች። ተራው አይዛነፍም። እውነቱ ከምስጋናው ከቀደመ ያስፈራል፤ ሳቁ ከእውነቱ ከቀደመ ደግሞ ፌዝ ይሆናል።

ስልኩን የምትጀምርበት «ደህና ነው! ደህና ነው!» እንግዲህ ከየት እንደመጣ አያችሁ። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ የምትጣራው ያ «ነጋ! ነጋ!» ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ በስልክ መጥቶ።

ዛሬ ልጆቿ ተበታትነናል። ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው። ዜናው አሁን በቴሌግራም ነው፤ እናቴ መጻፍ ስለሚያደክማት ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች። በ2016 ዓ.ም. መስከረም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሰሞን የላከችውን አልረሳውም፦ «ከሳነቴ፦ ቀበሮዎቹ ዓለም አቀፍ ሆነዋል። እኛ ግርጌው ያለነውን ግን ማንም አልመዘገበንም።» ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እዚያ ተራራ ላይ ነው። ይህንን ስነግራት «እንግዲያው በጸሎት ላስባቸዋ» አለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከላሚቷ ቦታ ላይ ቀበሮዎቹ ገብተዋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሥራዬ ተሰናበትኩ። ለምን እንዴት የሚለውን እንተወው። ለሚስቴ ነገርኳት። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ በዚህ ዕድሜዋ ለምን ላስጨንቃት አልኩ። በየማለዳው ትደውላለች፤ እኔም «ሥራ ጥሩ ነው፣ ይመስገን» እላለሁ። ሸሚዜን ለብሼ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ጸሎት ላድርስ እላለሁ፤ አፌ ይከፈታል፣ ቃል አይወጣም። ውሸት ተናግሬ ስለመጣሁ ይመስለኛል። ሁለት ወር ሄደ።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ደህና ነውን ካስቀደመች በኋላ፣ «ስማ» አለችኝ። «የአንተ ዜና አርጅቷል።»

«እንዴት እማዬ?»

«ከመስከረም ወዲህ ‹ሥራ ጥሩ ነው› ብቻ ሆነሃል። ድሮ አለቃህን ታማልኝ ነበር። አለቃ የማይታማበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቆረጠ መስሏት «ሃሎ! ሃሎ!» ስትል፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ እርሷ በተራዋ ዝም አለች። ከጀርባዋ የጎባ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። እንደ ሐምሌው ጠዋት ድምፅዋን ያጠፋሁት መሰለኝ።

«አዬ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «እኔኮ ሁለት ወር ሙሉ ‹ሥራውን ባርክለት› እያልኩ እግዚአብሔርን ሳስቸግረው ነበር። የሌለ ሥራ! ምን ይለኝ ይሆን?» ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዕንባዬ ግን ቀደመኝ። «በል አሁን ልክ ልኩን እንለምነዋለን። አንተም ተነሥ። ከአምስት ውሻ ያመለጠ ልጅ አንድ አለቃ አጣሁ ብሎ አይቀመጥም።»

ያን ዕለት እዚያችው ዛፍ ሥር ጸሎት ከአፌ ወጣ። ሥራ በማግስቱ አላገኘሁም፤ ታሪኩ እንደዚያ ቢሆን ያምር ነበር። ያገኘሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ደመወዙም ከቀድሞው ያነሰ ነው። አምስቱን ወር ግን የቆምኩት በየማለዳው እውነተኛ ዜና እየተናገርኩ ነው። «ከአዲስ አበባ፦ ዛሬም የለም» እላለሁ። «የለምም ዜና ነው» ትለኛለች። ስንቄን ሰጥታኝ ትዘጋዋለች።

ለገና ጎባ ወርጄ ነበር። እናቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ አሁን የምትጸልየው ተቀምጣ ነው። ከአባቴ ሞት በኋላ ቤቱ ለእርሷ ሰፍቷታል። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ነቅቼ ተጋድሜ ሳለሁ ከውጭ የበትር ኮቴ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ ዘገም ያለ። ሰውነቴ ኩምትር አለ፤ የድሮው ፍርሃት ነው። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ያረጀ ድምፅ ተሰማ።

«ነጋ! ነጋ!»

«ነጋ! ተመስገን!» አለች እናቴ ከተቀመጠችበት፣ ጀበናውን ወደ እሳቱ እየገፋች። «ግቢ፣ ግቢ፤ ዛሬ ብዙ ዜና አለን።»

እኔም እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በማለዳ ይሁን በማታ አላውቅም። የብዙዎቻችን ማለዳ ዛሬ የሚከፈተው በስልክ ነው፤ ገና ዓይናችንን ሳንጠርግ የዓለሙን ሁሉ መርዶ እንሰማለን፤ ከአጥር ማዶ «ነጋ» ብሎ የሚጣራልን የለም። ነገ ጠዋት ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት ግን አንድ ሰው አስቡ፤ ሲደወልለት ልቡ ድው የሚል ሰው። ደውሉለትና አስቀድማችሁ «ደህና ነው» በሉት። ከዚያ እውነተኛውን ዜናችሁን ንገሩት፤ ስንቅም አትንፈጉት።

እንዴት አደራችሁ?